ፍቺ በሚለው ረድፍ

ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ሰቅለው፣
«ጸሐፊ» አሉኝ፣ «ይህ ቃል ፍቺው ምንድን ነው?»

መዝገቡ ሰኞ ዕለት መጣ ከፖሊስ፤
ሞጣ፣ አረቄ ቤት፣ አንድ በር ሲፈርስ፣
የወይዘሮ ጥሩዓለም ገንቦ ሲከሰከስ።
ተከሳሽ፦ ልየው ስንሻው፣ የቅኔ መምህር፤
የጠጣው አንድ መለኪያ፤ አንድ! ሌላ የለም ነገር።
ምክንያት በሚለው ረድፍ፣ ሳጅኑ በእስክሪብቶ
«አብሾ» ብሎ ጽፏል፣ ሁለት መስመር አብጅቶ።

የሕጉን ዝርዝር ይዤ አገላብጬ አየሁ፤
«አደንዛዥ ዕፅ» ይላል፤ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ።
ዕፅ በግእዝ ዛፍ ነው። ገነት የበቀለው፣
የኔታ ይባቤ የሚመረኮዘው፣
የተቀመጥኩበት በርጩማ፣ ባለሦስት እግር፣
የተከሳሹ ሳጥን፣ የችሎቱ በር፣
ሁሉም ዕፅ ነው፤ ታዲያ በቃሉ ከሄድን
ማን ቀርቶ ማን ይዳኝ፣ ሁላችን ታስረን?

አብሾን ግን አውቀዋለሁ፤ ቀምሼው አይደለም፤
ከፊቴ ቀርቦልኝ ነው፣ በጣሳ፣ ሲጨልም።

አንድ ጎጆ ነበርን፣ ከዓባይ አፋፍ ላይ፤
አኮፋዳችን ባዶ፣ ደበሏችን ወንፊት መሳይ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ቅኔ አልሞላ ብሎን፣
ለጉባኤ ቃና እንኳ አንዲት ቃል አንሳን፣
ከነባር ተማሪ አንዱ አዘነልን፤
«አብሾ አለ» አለን።
እንዲህ ነው ያ ቃል ወደ ጎጆው የገባ፣
በሹክሹክታ፣ በሌሊት፣ ልክ እንደ ሌባ።

«ከየት መጣ ስሙ?» ልየው ነው የጠየቀ፤
ቃል ሳይፈታ እሱ ውሃም ጠጥቶ አላወቀ።
አንዱ፦ «ከ‹አበሰ› ነው፣ በደለ እንደማለት»፤
ሌላው ሳቀበት፦ «ሂድ! ይህ የአንተ ፈጠራ ናት፤
ከአገው ነው የመጣ፣ ከዚያ ከአዊ ምድር»፤
ሦስተኛው፦ «ተዉት፤ ተክሉ እንጂ ቃሉ የለውም ሥር።»

ተክሉን ማን ያጣዋል? ከአጥር ሥር ይበቅላል፤
ነጭ መለከት ያብባል፤ አስተናግር ይባላል።
ስሙ ራሱ ይናዘዛል፤
ዝምተኛውን ያስለፈልፋል፣
ለፍላፊውን ምን እንደሚያደርገው ማን ያውቃል።

ሁለት ጣሳ ቀረበ፤ ልየው አማተበ፤
ዓይኑን እንደጨፈነ እስከ አተላው ሳበ።
እኔ «ሽንቴ መጣ» ብዬ፣ ወጣሁ በጓሮ፤
ደፋሁት ከአጥሩ ሥር፣ ለየኔታ ዶሮ።
ሦስት ሌሊት ሙሉ ያቺ ዶሮ ጮኸች፤
«ተቀኘች» እያልን ሳቅን፤ በአራተኛው ሞተች።

ልየው አልሳቀም። ልየው ተኝቷል፤
ከማይታይ ሰው ጋር በእንቅልፉ ይከራከራል።
ሲነቃ ግን፣ ምን ልበል፣ ቅኔው ሞልቶለታል።
በዓመቱ መወድስ ቆሞ ሲዘርፍ ሳለ፣
የኔታ ይባቤ፣ ያ ዝምተኛው፣ «ይበል!» አለ።
እኔ ደበሎዬን ለሌላ ልጅ ሰጠሁ፤
ከተማ ወጥቼ የሰው ክስ ገለበጥሁ።

ዛሬማ ቃሉ ረክሷል። ባጃጅ ከባጃጅ ሲላተም፣
«አብሾ አለብህ እንዴ?» ይላል፣ አብሾን ያላየ ሁሉም።
ኳስ ሜዳ ዳኛው ላይ፣ ገበያ ለደላላ፣
እንደ ጠጠር ይወረወራል፤ ማንም አይለውም «ተው በላ!»
የልየው እናት ብቻ ስሙን አንስታ አታውቅም።
«ያ ነገር» ነው የምትለው፤
ድግስ ሲጠራ አብራው ሄዳ፣ ከጎኑ ተቀምጣ፣
ብርጭቆውን በነጠላዋ ትከድናለች፣ እንዳይጠጣ።

ቅዳሜ ለቀብር ሄደች።
ብርጭቆው አልተከደነም።

«ጸሐፊ! አንተን እኮ ነው!»
ከሳጥኑ ውስጥ ልየው፣ አንገቱን አዙሮ፣
«ምስክር አለኝ» አለ፤ «የየኔታ ዶሮ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ጥቂት ፈገግ አሉ።
ያውቅ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን። ከነጣሳው፣ ከነሙሉ።

ፍቺ በሚለው ረድፍ ብዕሬን አሳረፍኩ፤
«አብሾ፦ አንዱ የደፋው፣ አንዱ የጠጣው» ብዬ ጻፍኩ፤
ዳኛው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ በመዳፌ ከደንኩ።

«አላውቅም፣ ክቡር ዳኛ»፤ ይኸው ብቻ ወጣ ከአፌ፤
ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ ታተመ በመዳፌ።